ጢስን መሣል፣ እሳትን መሣል፤ የእንቅስቃሴ ኢፌክት ታሪክ ከብርሃን ቲያትር እስከ እጅ ስልክ

መግቢያ

በእጅ ስልክ የሚጫወት ሰው አንድን ጠላት ሲመታ በመስተዋቱ ላይ ብልጭታ ይታያል፤ እሳት ይፈነዳል፤ ጢስ ይነሣል፤ ከዚያም ሁሉም ይጠፋል። ይህ ሁሉ አንድ ሰከንድ አይሞላም። ተጫዋቹም ዐይኑን ወደሚቀጥለው ጠላት ስለሚያዞር የጠፋውን ጢስ መለስ ብሎ አያስበውም። ሆኖም ያቺ አንድ ሰከንድ እንድትገኝ አንድ ሠዓሊ አሥራ ሁለት ወይም ሃያ አራት ሥዕሎችን አንድ በአንድ ሥሏል፤ አንድ ኤንጂኒየርም እነዚያ ሥዕሎች በጠባብ ማስታወሻ ውስጥ ተደርድረው በሰዓታቸው የሚወጡበትን መንገድ ቀምሯል።

የሙያው ሰዎች ገጸ ባሕርይ ወይም መልክዓ ምድር ያልሆነውን፣ ነገር ግን በሥዕሉ ውስጥ የሚንቀሳቀሰውን ነገር ሁሉ «ኢፌክት» ብለው ይጠሩታል። ውሃ፣ እሳት፣ ጢስ፣ አቧራ፣ መብረቅ፣ ዝናብና ፍንዳታ ሁሉ በዚህ ስም ይጠቃለላሉ። እነዚህ ነገሮች ቋሚ ቅርጽ የላቸውም። የሰው ፊት ዛሬም ነገም ያው ፊት ነው፤ ጢስ ግን በሚቀጥለው ቅጽበት ሌላ ጢስ ነው። ስለዚህም ኢፌክትን መሣል ከእንቅስቃሴ ሥዕል ሥራዎች ሁሉ አድካሚው ሲሆን፣ ዕድሜው ደግሞ ከሁሉም ያጠረ ነው። የሚከተለው ሐተታ ይህ ሥራ ከየት ተነሥቶ በእጅ መዳፍ ላይ እስከሚያርፈው ባለሁለት ልኬት ጨዋታ እንዴት እንደ ደረሰ ይመለከታል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በእጅ የተቀባ ብርሃን

የተሣለ እንቅስቃሴን በመጋረጃ ላይ ለሕዝብ ያሳየው ፈረንሳዊው ኤሚል ሬይኖ ነበር። በ1877 ፕራክሲኖስኮፕ የተባለውን በመስተዋቶች የሚሠራ ተሽከርካሪ መሣሪያ ፈለሰፈ፤ ኦክቶበር 28 ቀን 1892 ደግሞ በፓሪስ በሙዜ ግሬቫን «የብርሃን ቲያትር» የሚል ትርጉም ባለው ስም የመጀመሪያውን ትርኢት ከፈተ። ከዚያን ቀን ትርኢቶች አንዱ 500 ያህል ሥዕሎች የነበሩት ሲሆን፣ ሬይኖ እያንዳንዱን በጄላቲን ሰሌዳ ላይ በገዛ እጁ ቀብቶታል። ሥራው ግን ዕድሜ አላገኘም። ከ1895 ወዲህ የሉሚዬር ወንድማማች ሲኒማ ተመልካቹን ወሰደበት፤ ቲያትሩም በ1900 ተዘጋ። ሬይኖ በኋላ ተስፋ ቆርጦ መሣሪያውን ሰባበረ፤ ከፊልሞቹም አብዛኞቹን ወደ ሴን ወንዝ ወረወራቸው። የዓመታት ድካም ከውሃው ሥር ቀረ።

ኢፌክት ራሱን የቻለ የታሪክ ምስክር ሊሆን እንደሚችል ያሳየው ግን አሜሪካዊው ዊንዘር ማኬይ ነው። ሜይ 7 ቀን 1915 ሉሲታንያ የተባለችው የብሪታንያ መንገደኛ መርከብ በጀርመን ባሕር ሰርጓጅ ቶርፔዶ ተመትታ በ18 ደቂቃ ውስጥ ሰጠመች፤ ከ1,100 በላይ ሰዎችም አለቁ። ሁኔታውን የቀረጸ የፊልም መሣሪያ አልነበረም። ማኬይ ይህን ክፍተት በእርሳስና በቀለም ሊሞላው ተነሣ። ወደ 25,000 የሚጠጉ ሥዕሎችን የጠየቀው ፊልም በ1918 ለሕዝብ ቀረበ።

በዚያ ፊልም ውስጥ ዋናዎቹ ተዋንያን ሰዎች አይደሉም። ማዕበሉ ነው፤ ከመርከቧ ጎን የሚፈነዳው እሳት ነው፤ ሰማዩን የሚሸፍነው ጥቁር ጢስ ነው። ማኬይ «ገርቲ» የተባለችውን ዳይኖሰር በ1914 ሲያሳይ በስተጀርባ ያለው ተራራና ዛፍ በየሥዕሉ እንደገና እየተገለበጠ ይሣል ነበር። በሉሲታንያ ፊልም ላይ ግን በዚያው በ1914 ኤርል ኸርድ የፈጠራ መብት የጠየቀበትን ዘዴ፣ ማለትም በግልጽነቱ ሥሩ ያለውን በሚያሳይ የሴሉሎይድ ወረቀት ላይ መሣልን፣ ተጠቀመ። ባሕሩ በአንድ ሰሌዳ፣ መርከቧ በሌላ፣ ጢሱ በሦስተኛው ተሥለው ይደራረባሉ። ይህ መደራረብ ዛሬ በስልክ ጨዋታ ውስጥ ለሚገኘው አሠራር ሁሉ አባት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1930ዎቹ ዓመታት የዋልት ዲስኒ ድርጅት ለዚህ ሥራ ራሱን የቻለ ክፍል አቋቋመ። በ1940 በታየው በ«ፒኖኪዮ» ውስጥ ዓሣ ነባሪው የሚንጠው ባሕር የዚህ ክፍል ሥራ ነው። ከክፍሉ ሠዓልያን አንዱ የሆነው ጆሽዋ ሚዶር በሙያው እጅግ ከመከበሩ የተነሣ ለሌላ ድርጅት በውሰት ተሰጥቶ፣ በ1956 በቀረበው «ፎርቢደን ፕላኔት» በተባለው ፊልም ውስጥ ከኤሌክትሪክ ብልጭታ ብቻ የተሠራውን አውሬ ሥሏል።

በእነዚያ ዓመታት የተገኙት ደንቦች እስከ ዛሬ አልተሻሩም። የፊልም ጥቅል በሰከንድ 24 ፍሬም ያሳልፋል፤ ነገር ግን አንድን ሥዕል ሁለት ሁለት ጊዜ በማንሣት በ12 ሥዕሎች አንድ ሰከንድ መሙላት ይቻላል፤ ዐይንም ቅር አይለውም። ፍንዳታ በመጀመሪያዎቹ አንድ ወይም ሁለት ሥዕሎች እጅግ ደማቅ ሆኖ በፍጥነት ይሰፋል፤ ከዚያ በኋላ እየዘገየ ይሄዳል። ጢስ ሲጠፋ ደግሞ እንዳለ እየደበዘዘ አይደለም። ከመሐሉ ይቦረቦራል፤ ጠርዙ ይበላል፤ ወደ ቁርጥራጭ ይለወጣል፤ ቁርጥራጩም እያነሰ ሄዶ ያልቃል። ይህን ያልተገነዘበ ሠዓሊ የሣለው ጢስ የሚንሳፈፍ ጥጥ መስሎ ይቀራል።

ከሥዕል ወደ ነጥብ

በ1962 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ስቲቭ ራስልና ጓደኞቹ ፒዲፒ-1 በተባለው ኮምፒዩተር ላይ «ስፔስዎር» የተባለውን ጨዋታ ሠሩ። ሁለት መርከቦች በጠፈር ይዋጋሉ፤ የተመታችው መርከብ በአንድ አፍታ ወደተበታተኑ ነጥቦች ትለወጣለች። ነጥቦቹን ማንም አልሣላቸውም፤ ቦታቸውን የወሰነው በአጋጣሚ የሚመረጥ ቁጥር ነው። በዚህ ጊዜ የኢፌክት ታሪክ በሁለት መንገድ ተከፈለ፤ አንደኛው በእጅ የሚሣል፣ ሁለተኛው በስሌት የሚወለድ ሆነ።

በጃፓን ቶሞሂሮ ኒሺካዶ በ1978 የሠራው «ስፔስ ኢንቬደርስ» በእጅ የተሣለውን መንገድ ይዟል። በአምስት ረድፍ የተሰለፉት 55 ወራሪዎች እያንዳንዳቸው ያላቸው ሁለት ሥዕል ብቻ ነው፤ ሁለቱ እየተፈራረቁ መራመድን ያስመስላሉ። አንዱ ሲመታ አንዲት ትንሽ የፍንዳታ ሥዕል ቦታውን ትይዝና ትጠፋለች። የማሽኑ ፕሮሰሰር ሁሉንም ለማንቀሳቀስ አቅም ስላነሰው፣ ወራሪዎቹ በተገደሉ ቁጥር የቀሩት እየፈጠኑ ሄዱ። ፈጣሪውም ይህን እንደ ጉድለት ከመቁጠር ይልቅ የጨዋታው ውጥረት ምንጭ አድርጎ ተወው። የአሜሪካው «ዲፌንደር» ደግሞ በ1981 የተመታውን መርከብ ሥዕል ራሱን ወደ ነጥቦቹ በትኖ በየአቅጣጫው አስፈነጠረው፤ በዚህም ተጨማሪ ሥዕል ሳያስፈልግ ለየአንዳንዱ ጠላት የራሱ ፍንዳታ ተገኘለት።

ሆኖም ማሽኖቹ የሚፈቅዱት ጥቂት ነበር። በ1983 በጃፓን ለገበያ የቀረበው የኒንቴንዶ ፋሚኮም በአንድ ጊዜ 64 ስፕራይት፣ ማለትም ከመልክዓ ምድሩ ተነጥለው የሚንቀሳቀሱ ትንንሽ ሥዕሎችን ብቻ ያሳያል፤ በአንድ አግድም መስመር ላይ ከተገኙት ደግሞ ከ8 በላይ የሆኑት አይታዩም። እያንዳንዳቸው 8 በ8 ወይም 8 በ16 ፒክስል ሲሆኑ ሦስት ቀለማት ብቻ ይይዛሉ። ከስምንት በላይ ሲሆኑ ሁልጊዜ ያው አንዱ እንዳይጠፋ፣ ፕሮግራም ጸሐፊዎች የሥዕሎቹን ቅደም ተከተል በየፍሬሙ ያፈራርቁ ነበር። የዚያ ዘመን ልጆች የሚያስታውሱት የሥዕሎች መርገብገብ ምክንያቱ ይህ ነው። በመሆኑም ሠዓሊው አንድ የጢስ ቁራጭ በጨመረ ቁጥር አንድ ጥይት ከተጫዋቹ ዐይን ሊሰወር ይችል ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው መሆኑ ነው።

ችግሩ ብልሃትን ወለደ። በ1973 ሪቻርድ ሾፕ በዜሮክስ የምርምር ማዕከል የሠራው «ሱፐርፔይንት» ሥዕሉ እንዳለ ሆኖ የቀለም ሰንጠረዡን ብቻ በማዞር እንቅስቃሴ መፍጠር እንደሚቻል አሳይቷል። የወንዝ ሥዕል ከጥቁር ሰማያዊ እስከ ነጭ በተራ ቁጥር በተደረደሩ ቀለማት ይቀባል፤ ከዚያ ኮምፒዩተሩ የቀለሞቹን ተራ አንድ አንድ ደረጃ ሲያሸጋግር፣ አንዲት ፒክስል ቦታዋን ሳትለቅ ውሃው ይፈሳል። በ1984 መጀመሪያ የአሚጋ ኮምፒዩተር ለሙከራ ሲታይ እየተሽከረከረች ትነጥር የነበረችው ቀይና ነጭ ኳስም የምትሽከረከረው በዚሁ ዘዴ ነበር።

ድር ቢያብር

በስሌት የሚወለደው ኢፌክት ወደ ሳይንስ ደረጃ የደረሰው በሉካስፊልም ነው። በ1982 ለቀረበው «ስታር ትሬክ ሁለት» ፊልም አንዲት ሙት ፕላኔት በእሳት ተውጣ ሕይወት ስትዘራ የሚያሳይ ትዕይንት ተፈለገ። ዊልያም ሪቭስ እሳቱን እንደ አንድ አካል ከመሣል ይልቅ እጅግ ብዙ ከሆኑ ቅንጣቶች ሠራው። እያንዳንዱ ቅንጣት የሚወለድበት ቦታ፣ ፍጥነት፣ ቀለምና ዕድሜ ይሰጠዋል፤ ዕድሜው ሲያልቅ ይሞታል። ሪቭስ በ1983 ባሳተመው ጥናት ዘዴውን «የቅንጣት ሥርዓት» ብሎ ሰየመው። አንዲት ቅንጣት ብቻዋን ምንም አይደለችም፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ግን ሲሰበሰቡ ፕላኔትን የሚውጥ እሳት ይሆናሉ።

ይህ ዘዴ በእጅ መሣልን አላስቀረም። በ1996 በኒዮ ጂኦ ማሽን የቀረበው «ሜታል ስላግ» ፍንዳታውን፣ ጢሱንና የሚፈራርሰውን ግንብ ፒክስል በፒክስል በእጅ አሥሎ አሳየ። ምክንያቱም በእጅ የተሣለ ፍንዳታ ሐሳብ አለው፤ ሠዓሊው የት ላይ እንደሚከብድ፣ የት ላይ እንደሚቀልድ ይወስናል። ቅንጣት የተሰጠውን ሕግ ከመከተል በቀር እንዲህ ያለ ውሳኔ አያውቅም። ዛሬ ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙት ብዙውን ጊዜ በአንድ ፍንዳታ ውስጥ ነው፤ የመሐሉ እሳት በእጅ ይሣላል፤ ዙሪያውን የሚበታተነው ፍንጣሪ በቅንጣት ይሠራል።

በመዳፍ ላይ ያለ መስተዋት

የእጅ ስልክ ታሪኩን ወደ መጀመሪያው ድህነት መለሰው። በ1997 በኖኪያ 6110 ላይ የቀረበው «ስኔክ» የሚታይበት መስተዋት 84 በ48፣ በድምሩ 4,032 ነጥቦች ብቻ ነበሩት፤ ቀለሙም ጥቁር ወይም ባዶ ነው። በ2000 ገደማ የጃቫ ቋንቋ ወደ ስልኮች ሲገባ ብዙዎቹ ስልኮች ለአንድ ጨዋታ ከ64 ኪሎባይት በላይ አይፈቅዱም ነበር። ፕሮግራሙም፣ ድምፁም፣ ሥዕሉም ሁሉ በዚያች ውስጥ መግባት ነበረበት። ስለዚህ ቀይ እሳትና ሰማያዊ እሳት የሚፈልግ ጨዋታ ሁለት ፋይል አይዝም፤ አንዱን ሥዕል ይዞ በፋይሉ ውስጥ ያለውን የቀለም ሰንጠረዥ ብቻ በሥራ ላይ ሳለ ይለውጠዋል። የሾፕ የ1973 ሐሳብ ሌላ ልብስ ለብሶ መመለሱ ነበር።

አይፎን በ2007፣ የፕሮግራም መደብሩም ጁላይ 10 ቀን 2008 ሲከፈቱ ሁኔታው ተለወጠ። በ320 በ480 ፒክስል መስተዋት ላይ ሙሉ ቀለምና ግልጽነት ያለው ሥዕል ማሳየት ተቻለ። ቢሆንም ሒሳቡን ላላሰላ ሰው ወጥመዱ ቅርብ ነው። ወርዱም ቁመቱም 256 ፒክስል የሆነ አንድ የፍንዳታ ሥዕል ለየፒክስሉ 4 ባይት ሲያዝለት 262,144 ባይት ይፈጃል። 24 ሥዕል ያለው የአንድ ሰከንድ ፍንዳታ ወደ 6.3 ሚሊዮን ባይት ይደርሳል ማለት ነው። የመጀመሪያው አይፎን ጠቅላላ ማስታወሻ 128 ሜጋባይት ሲሆን፣ ከዚያም ብዙውን የሚወስደው የስልኩ ዋና ፕሮግራም ራሱ ነው። እንዲህ ያሉ አሥር ፍንዳታዎች የያዘ ጨዋታ ገና ሳይጀመር ሊዘጋ ይችላል።

መፍትሔው የዲስኒ ሠዓልያን የሚያውቁት ነበር። ሥዕሎቹን ከ24 ወደ 12 ማውረድ ሒሳቡን በግማሽ ይቀንሳል፤ ወርድና ቁመቱን ወደ 128 ማውረድ ደግሞ ወደ ሩብ ያደርሰዋል። ሁለቱ ሲጣመሩ ያው ፍንዳታ 786,432 ባይት ብቻ ይፈልጋል፤ ይህም ከመጀመሪያው አንድ ስምንተኛ ነው። ጢስ በተፈጥሮው ጥርት ያለ ጠርዝ ስለሌለው፣ በጨዋታው ውስጥ በእጥፍ ተለጥጦ ቢታይም ዐይን ብዙ አያስተውለውም። 1024 በ1024 በሆነ አንድ ትልቅ ሰሌዳ ላይ 64 እንዲህ ያሉ ሥዕሎች ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ ማሽኑም በየፍሬሙ ከሰሌዳው ተራዋ የደረሰችውን ብቻ ቆርጦ ያሳያል።

ቀጥሎ የሚመጣው የመደራረብ ጥያቄ ነው። እሳት ብርሃን ስለሆነ ቀለሙ ከበስተጀርባው ቀለም ጋር ይደመራል፤ ጢስ ግን ብርሃንን ስለሚጋርድ የበስተጀርባውን ቀለም ይሸፍናል። እሳትን ብቻ በመደመር የሣለ ሰው በጨለማ ዋሻ ውስጥ ያማረ ውጤት ያገኛል፤ ጨዋታው ወደ ነጭ ሰማይ ሲወጣ ግን ነጭ ላይ ብርሃን ቢደመር ያው ነጭ ስለሆነ እሳቱ ከነአካቴው ይጠፋል። ቶማስ ፖርተርና ቶም ዳፍ በ1984 ያሳተሙት የሥዕል መደራረብ ሒሳብ ለዚህ መፍትሔ አለው። የሥዕሉ ቀለም አስቀድሞ በግልጽነቱ መጠን ተባዝቶ ከተቀመጠ፣ እሳትና ጢስ በአንድ ሰሌዳ ላይ፣ በአንድ ትእዛዝ ሊሣሉ ይችላሉ።

መደራረብም ቢሆን ዋጋ አለው። በ320 በ480 መስተዋት ላይ 153,600 ፒክስሎች አሉ። መስተዋቱን የሚሸፍን አሥር ንብርብር ጢስ በሰከንድ 60 ጊዜ ቢሣል ማሽኑ በየሰከንዱ ከ92 ሚሊዮን በላይ ፒክስሎችን ይቀባል። ስልኩ ይሞቃል፤ ባትሪው ያልቃል፤ ጨዋታውም መንቀርፈፍ ይጀምራል። ስለዚህ ጥሩ የኢፌክት ሠዓሊ ባዶውን ጠርዝ ቆርጦ ይጥላል፤ ጢሱንም ቶሎ ያጠፋል።

በስልክ ላይ የሚሣል ኢፌክት ከሌላው ሁሉ የሚለይበት አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ የተጫዋቹ ጣት ራሱ መስተዋቱን ይጋርዳል። ኤፕሪል 2010 ከአውስትራሊያ የቀረበው «ፍሩት ኒንጃ» ይህን በሚገባ ተረድቶታል። ጣት ፍሬውን ሲቆርጥ የስለቱ ብርሃን ጣቱን ተከትሎ ይቀራል፤ ጭማቂው ከጣቱ ርቆ ይረጫል፤ በስተጀርባ ባለው ጣውላ ላይም ጥቂት ቆይቶ ይደርቃል። ተጫዋቹ ምን እንዳደረገ የሚያውቀው በኢፌክቱ ነው። ያ ባይኖር ጣት በመስተዋት ላይ ከመንሸራተት ያለፈ ነገር አይሰማውም።

ብልጭታ ሲጎዳ

ኢፌክት ጌጥ ብቻ አለመሆኑን ያረጋገጠ አሳዛኝ ቀንም አለ። ዲሴምበር 16 ቀን 1997 በጃፓን ቴሌቪዥን በቀረበ የ«ፖኬሞን» ክፍል ውስጥ አንድ ፍንዳታ ቀይና ሰማያዊ ብርሃን በሰከንድ 12 ጊዜ ያህል እያፈራረቀ ለጥቂት ሰከንዶች መስተዋቱን ሞላው። በዚያ ምሽት 685 ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሕፃናት፣ ወደ ሐኪም ቤት ተወሰዱ። ብዙዎቹ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ተሰምቷቸው ነበር፤ አንዳንዶቹም የሚጥል በሽታ ምልክት ታይቶባቸዋል። ትርኢቱ ለአራት ወራት ተቋረጠ፤ በሚቀጥለው ዓመትም የጃፓን ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ደንብ አወጡ።

ዛሬ በሰፊው የታወቀው ልክ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሰፊ ቦታ የሚይዝ ብልጭታ ከሦስት ጊዜ እንዳይበልጥ፣ በተለይም ከደማቅ ቀይ እንዲጠነቀቁ ያዝዛል። ይህን መጠበቅ የሠዓሊው ብቻ ሥራ አይደለም። አንድ ሠዓሊ አንድን ብልጭታ በጥንቃቄ ሊሥል ይችላል፤ ተጫዋቹ በአንድ ሰከንድ ውስጥ አሥር ጠላቶችን ሲመታ ግን ያቺ አንዲት ብልጭታ አሥር ትሆናለች። በፊልም ውስጥ እያንዳንዱ ፍሬም አስቀድሞ ይታወቃል፤ በጨዋታ ውስጥ ግን ማንም አስቀድሞ አያየውም። ስለሆነም ብልጭታን የሚቆጥርና ከልኩ ሲያልፍ የሚያደበዝዝ ሥርዓት በጨዋታው ውስጥ መሥራት የኤንጂኒየሩ ግዴታ ነው።

ማጠቃለያ

የሬይኖ ፊልሞች አብዛኞቹ በሴን ወንዝ ቢጠፉም ሁለቱ ተርፈው እስከ ዛሬ ይታያሉ። የማኬይ የሉሲታንያ ፊልም በ2017 በአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ውስጥ ሊጠበቁ ከሚገባቸው ሥራዎች ጋር ተመዘገበ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር የአይፎን ዋና ፕሮግራም አሥራ አንደኛ እትም ሲወጣ፣ በ32 ቢት አሠራር ተጽፈው ያልታደሱ ጨዋታዎች በአዲሶቹ ስልኮች ላይ መከፈታቸው ቀረ። ከነዚያም ውስጥ ሠሪዎቻቸው የተበተኑ፣ የሚያድሳቸው የሌለ አያሌ ሥራዎች ይገኛሉ።

አንድ መቶ ዓመት ያለፈው የጢስ ሥዕል ዛሬም ሲታይ፣ አሥር ዓመት ያልሞላው ጠፍቷል ማለት ነው። ወረቀት ቢያረጅም ይነበባል፤ በማሽን ውስጥ የተቀመጠ ሥዕል ግን ማሽኑ ቋንቋውን ሲለውጥ አብሮ ይዘጋል። የሬይኖን ሥራ ያጠፋው የገዛ እጁ ነበር፤ የእነዚህን ያጠፋው ግን ማንም ሊጥለው ሳያስብ፣ አስቀምጠው የሚል ሰው ሳይኖር ነው። አንድን ጨዋታ የሚያስረክብ ኤንጂኒየር ከተጠናቀቀው ፕሮግራም ጋር ሠዓሊው የሠራባቸውን የመጀመሪያ ሥዕሎች፣ እያንዳንዳቸውን በተራ ቁጥራቸውና ለስንት ፍሬም እንደሚቆዩ ከሚገልጽ ዝርዝር ጋር ማንም ሊከፍተው በሚችል የፋይል ዓይነት አስቀምጦ ቢተው፣ የሚጨምርበት ድካም የአንድ ቀን ሥራ አይሞላም። ያቺ አንድ ሰከንድ ጢስም ከአንድ ስልክ ዕድሜ በላይ ትኖራለች።